ከሚወጣው ውሃ ተነስቶ አፈሩን ማወቅ፦ ከቧንቧ እስከ ኤክሴል

ግንቦት ሲገባ ቴሌግራሜ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ይሞላል። «የኮለም ሙከራ ሠርቻለሁ፣ ዳታው አለኝ፣ ግን ሶፍትዌሩ በሞከርኩ ቁጥር ሌላ ዲ ይሰጠኛል። የትኛውን ልጻፍ?» የኮለም ሙከራ ማለት አፈር በተሞላ ቧንቧ ጨው ያለው ውሃ አሳልፎ የሚወጣውን መለካት ነው። ጠያቂዎቹ ከባሕር ዳር ናቸው፣ ከወረታ ናቸው፣ አንዳንዴም ከራቅ ያለ ቦታ ነው የሚጽፉት። መልሴ ግን ሁሌም አንድ ነው። ችግሩ ከሶፍትዌሩ አይደለም። በሙከራው ቀን መለካት የነበረበት ነገር ሳይለካ ቀርቷል፤ ያ ያልተለካው ነገር ደግሞ ዞሮ ዞሮ ዲ (የመበተን መጠን) ላይ ወይም አር (የመዘግየት መጠን) ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሥራውን ከመጀመሪያው፣ ከቧንቧው ጀምሬ እስከ መጨረሻው ቁጥር ድረስ አንዴ ልጻፈው።

መጀመሪያ ምን እያሰላን እንደሆነ እንግባባ። ገበሬው የበተነው ዩሪያ ወደ ናይትሬት ተለውጦ፣ ከዝናቡ ጋር ሰርጎ፣ መቼና ምን ያህሉ ጉድጓድ ውሃ ወይም ጣና ይደርሳል? ለዚህ መልስ ለመስጠት አፈሩ የሟሟን ነገር እንዴት እንደሚያሳልፍ ማወቅ ያስፈልጋል። አፈሩን አውቀን የሚወጣውን ጨው መተንበይ ቀጥተኛው ስሌት ነው። የወጣውን ጨው ለክተን ወደ አፈሩ መመለስ ደግሞ የኋልዮሽ ስሌት ነው። እዚህ የምንሠራው ሁለተኛውን ነው።

እንዲህ አስቡት። ከዘጌ እንጨት የጫኑ ብዙ ታንኳዎች በአንድ ሰዓት ይነሳሉ። እናንተ ባሕር ዳር ዳርቻ ላይ ቁጭ ብላችሁ የሚደርሱበትን ሰዓት ትመዘግባላችሁ። አማካይ የመድረሻ ሰዓታቸው ፍጥነታቸውን ይነግራችኋል። አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ መድረሱ፣ ማለትም መበታተናቸው፣ ዲስፐርሽን ነው። አሁን ሁሉም እኩል ዘገዩ እንበል። ቀስ ብለው ስለቀዘፉ ነው ወይስ መንገድ ላይ ደሴት ነክተው ስለቆዩ? ዳርቻ ላይ ቁጭ ብሎ ይህን መለየት አይቻልም። ይህችን ምሳሌ ያዙልኝ፣ ደረጃ 7 ላይ እንመለስባታለን።

የምንጠቀምባቸው ምልክቶች፦

ኤል = የአፈሩ ርዝመት፣ በሴ.ሜ.
ቪ = ውሃው በአፈሩ ቀዳዳዎች ውስጥ የሚሄድበት ፍጥነት፣ ሴ.ሜ. በደቂቃ
ዲ = የመበተን መጠን፣ ካሬ ሴ.ሜ. በደቂቃ
አር = የመዘግየት መጠን። አፈሩ ጨውን የማይዝ ከሆነ 1 ነው፤ ከያዘ ከ1 ይበልጣል
ሲ = የሚወጣው ውሃ የጨው መጠን፣ ሲዜሮ = የምናስገባው የጨው መጠን
ቲ = ጊዜ፣ በደቂቃ

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለ 110 ፒቪሲ ቧንቧ፣ ከ20 ሴ.ሜ. ትንሽ የሚበልጥ ቁራጭ፣ ከነሁለት ካፑ። የውስጥ ስፋቱን ራሳችሁ በማስመሪያ ለኩ። 110 የሚለው የውጭው ነው። በኔ ምሳሌ የውስጡ 10 ሴ.ሜ. ነው።
- ደቃቅ የናይለን ወንፊትና የማጣሪያ ወረቀት፣ ለላይም ለታችም
- ሲልከን፣ ቫዝሊን፣ ብርጭቆ ወረቀት
- ሁለት ጀሪካን በጥብቅ የሚዘጋ ክዳን ያላቸው፣ ቀጭን ቱቦ፣ አንድ ቲ መገጣጠሚያ
- ከፋርማሲ የሚገዛ የግሉኮስ መስጫ ቱቦ። ፍሰት ለማስተካከል የምትሽከረከረዋን ቁልፍ ነው የምንፈልጋት። ላቦራቶሪያችሁ ፐምፕ ካለው ይህና የጀሪካኑ ዝግጅት ይቀራል።
- 1 ግራም የሚለይ ዲጂታል ሚዛን
- ኢሲ ሜትር፣ ማለትም ውሃው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍበትን መጠን የሚለካ መሣሪያ፤ ጨው ሲበዛ ኢሲው ይጨምራል
- ካልሲየም ክሎራይድ፣ የተጣራ ውሃ
- ቁጥር የተጻፈባቸው 70 ያህል ትናንሽ የፕላስቲክ ኩባያዎች
- ኤክሴል ያለበት ኮምፒውተር

ለምን የወጥ ቤት ጨው አይሆንም? ሶዲየም የአፈሩን ሸክላ ይበትነዋል። የተበተነው ሸክላ ቀዳዳዎቹን ይደፍንና ፍሰቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ካልሲየም ግን ሸክላውን አያይዞ ይይዛል። የተጣራ ውሃ ብቻውን ማስገባትም ተመሳሳይ ጉዳት አለው። የጣና ወይም የአባይ ውሃ ደግሞ ከደለሉ ጋር ስለሚመጣ የታችኛውን ወረቀት ይዘጋዋል።

ደረጃ 1፦ አፈሩን አዘጋጁ

ለመጀመሪያ ሙከራ ቀይ አፈር ውሰዱ። ከዘንዘልማ አካባቢ ያመጣሁት ቀይ አፈር ሳያስቸግረኝ ሠርቷል። የፎገራን ዋልካ ለሁለተኛ ጊዜ አቆዩት፣ ምክንያቱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ። የገበሬ ማሳ ከሆነ አስፈቅዳችሁ ቆፍሩ።

አፈሩን ጥላ ላይ አድርቁ፣ ጓሉን ፈርክሱ፣ በ2 ሚ.ሜ. ወንፊት ንፉ። ከዚያ ትንሽ ናሙና በ105 ዲግሪ ለ24 ሰዓት ምድጃ ውስጥ አስገቡና እርጥበቱን እወቁ። ይህን ብዙዎች ይዘሉታል። ደረቅ የመሰለ አፈር ውስጥ ውሃ አለ። ካልቆጠራችሁት የሞላችሁት አፈር ካሰባችሁት ያነሰ ይሆናል።

ደረጃ 2፦ ቧንቧውን ሙሉ

የቧንቧውን ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት ሸካራ አድርጉት፣ ከዚያ ስስ ቫዝሊን ቀቡት። ልሙጥ ግድግዳ ላይ ውሃው አፈሩን ትቶ በጎን ይንሸራተታል። ያን ጊዜ ጨው ቶሎ ይወጣል፣ እናንተም ዲን ትልቅ አድርጋችሁ ታሰላላችሁ።

ስሌቱ ይህ ነው። ወለሉ 78.5 ካሬ ሴ.ሜ.፣ ርዝመቱ 20፣ ስለዚህ ይዘቱ 1571 ኪዩቢክ ሴ.ሜ. ነው። እፍጋቱ 1.3 ግራም በኪዩቢክ ሴ.ሜ. እንዲሆን ከፈለግን 2042 ግራም ደረቅ አፈር ያስፈልጋል። በ10 ንብርብር ከፍላችሁ፣ እያንዳንዱን 204 ግራም፣ 2 ሴ.ሜ. ከፍታ እስኪይዝ ጠቅጥቁ። የአፈሩ እርጥበት 6 በመቶ ከሆነ በሚዛኑ ላይ 216 ግራም መመዘን አለባችሁ።

ቀጣዩን ንብርብር ከመጨመራችሁ በፊት የታችኛውን ገጽ በሹካ ጫር ጫር አድርጉት። ካልጫራችሁት ንብርብሮቹ እንደ እንጀራ ተደራርበው ይቀራሉ። ውሃው መጋጠሚያቸው ላይ ወደ ጎን ይሄዳል።

ከመሙላታችሁ በፊት ባዶውን ቧንቧ ከነካፑና ከነወረቀቱ መመዘናችሁን አትርሱ።

ደረጃ 3፦ ከታች ወደ ላይ አጥግቡት

ውሃው ከታች ገብቶ አየሩን ወደ ላይ እየገፋ መውጣት አለበት። ከላይ ካፈሰሳችሁ አየሩ መሃል ላይ ይታሰራል። በሊትር 0.74 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ (ሁለት ውሃ ያዘለው ዓይነት) የሟሟበትን ውሃ አፍልታችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ፣ በጣም በቀስታ አስገቡ። ማፍላቱ ውሃው ውስጥ ያለውን አየር ያስወጣል። ማታ ጀምራችሁ ጠዋት ብትደርሱበት ጥሩ ነው።

ሲጠግብ እንደገና መዝኑ። የጠገበው ክብደት ሲቀነስ ባዶው ቧንቧ፣ ሲቀነስ ደረቁ አፈር፣ ሲቀነስ ካፑና ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ። የሚቀረው አፈሩ የያዘው ውሃ ነው።

እዚህ ጋ ቆም በሉ፣ ከመመሪያው ሁሉ ትልቁ ቦታ ይህ ነው። በስሌት ብቻ ብትሄዱ፣ የአፈር ቅንጣት እፍጋት 2.65 ነው ብላችሁ፣ የቀዳዳው ድርሻ 0.509 ይመጣል፣ ውሃው 800 ሚ.ሊ. ይሆናል። ሚዛኑ ግን 760 ግራም ብሎኛል። ልዩነቱ ያልወጣ አየር ነው። 40 ሚ.ሊ. ትንሽ ይመስላል፣ 5 በመቶ ነው። እና 800ን ይዛችሁ ወደ ሶፍትዌር ብትገቡ፣ አር 0.95 ብሎ ይመልስላችኋል። እናንተም ክሎራይድ በሸክላው ተገፍቶ ቶሎ ስለወጣ ነው ብላችሁ ሁለት ገጽ ትጽፋላችሁ። ክሎራይድ በሸክላ መገፋቱ እውነት የሚታይ ነገር ነው፤ እዚህ ግን የታየው አየር ነው። ይህን ስህተት ሠርቼ አውቃለሁ፣ ያረምኩትም ቧንቧውን እንደገና ሚዛን ላይ ካወጣሁ በኋላ ነው።

ደረጃ 4፦ ፍሰቱን አረጋጉ

ጀሪካኑን ከቧንቧው ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ክዳኑን በስታችሁ አየር የምታስገባ ቀጭን ቱቦ እስከ ታች ድረስ አስገቡ፣ ዙሪያውን በሲልከን ድፈኑ። መውጫው ከጀሪካኑ ግርጌ ይሁን። እንዲህ ሲሆን ግፊቱ የሚወሰነው በአየር ቱቦዋ ጫፍ ከፍታ ነው፤ የውሃው መጠን ቢቀንስም ግፊቱ አይቀንስም። ክዳኑ አየር ካስገባ ግን ይህ ሁሉ ዋጋ የለውም፣ ፍሰቱ ከሰዓት ሰዓት እየደከመ ይሄዳል።

በግሉኮስ ቁልፏ ወደ 4 ሚ.ሊ. በደቂቃ አስተካክሉ። ጠብታ ቆጥራችሁ አትመኑ፤ 10 ደቂቃ ሰብስባችሁ መዝኑ። ፍሰቱ ለሁለት ሰዓት ሳይለወጥ ከቆየ፣ የሚወጣው ውሃ ኢሲም ከሚገባው ጋር ከተስተካከለ፣ ዝግጁ ናችሁ።

በዚህ ፍሰት 760 ሚ.ሊ. ውሃ በ190 ደቂቃ ይታደሳል። ስለዚህ ቪ = 20 ÷ 190 = 0.105 ሴ.ሜ. በደቂቃ። ሦስት እጥፍ ለማሳለፍ 9 ሰዓት ተኩል ያስፈልጋል። በጠዋት ጀምሩ።

ደረጃ 5፦ ጨዉን አስገቡ፣ ናሙና ውሰዱ

ሁለተኛው ጀሪካን ውስጥ በሊትር 3.7 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ ይኑር። ከዚህ በላይ አታክብዱት፤ የከበደ ውሃ በራሱ ክብደት መንቀሳቀስ ይጀምራል። ዱቄቱ ሲሟሟ ይሞቃል፣ መነጽር አድርጉ፣ ቀዝቅዞ ሳያልቅ አትጠቀሙበት።

በቲ መገጣጠሚያዋ የመጀመሪያውን ጀሪካን ዘግታችሁ ሁለተኛውን ክፈቱ። ሰዓቱን ጻፉ።

ከዚህ በኋላ የሚወጣውን ውሃ በሙሉ መሰብሰብ አለባችሁ። አንድም ጠብታ መሬት አይፍሰስ። ለመጀመሪያዎቹ 80 ደቂቃዎች በየ20 ደቂቃው፣ ከዚያ እስከ 320 ደቂቃ በየ5 ደቂቃው፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው እንደገና በየ20ው ኩባያ ቀይሩ። በየ20 ደቂቃው የሚሰበሰበው 80 ሚ.ሊ. ስለሆነ ለዚያ ተለቅ ያለ ኩባያ ያስፈልጋል። መሃል ላይ የምናበዛው ኩርባው (ሲ÷ሲዜሮ ከጊዜ ጋር ሲሳል የሚወጣው መስመር) ከፍ የሚለው እዚያ ስለሆነ ነው፤ ስለ ዲ የሚናገረው ያ ክፍል ነው። እያንዳንዱን ኩባያ መዝናችሁ ክደኑ። ከሰዓት በኋላ በባሕር ዳር ሙቀት ክፍት ኩባያ ይተናል፣ ሲተን ደግሞ ጨው የበዛ ይመስላል።

መብራት ቢጠፋና ፐምፓችሁ ቢቆም አትደንግጡ። ለዚህ ነው በሰዓት ፋንታ የተጠራቀመውን የውሃ መጠን የምንይዘው። የቆመበትንና የተነሳበትን ሰዓት ጻፉና ቀጥሉ። እንዲያውም ከቆመ በኋላ ሲነሳ የኢሲው ቁጥር በድንገት ዝቅ ካለ፣ አፈሩ ውስጥ ውሃው የማይንቀሳቀስበት ጥግ እንዳለ ነግሯችኋል። ጨዉ በእረፍቱ ሰዓት ወደዚያ ጥግ ገብቷል ማለት ነው።

ደረጃ 6፦ ለኩና ዳታውን አጽዱ

ኩባያዎቹ ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ አድረው እኩል ሙቀት ሲይዙ ኢሲያቸውን በአንድ ጊዜ ለኩ። ኢሲ በአንድ ዲግሪ ሙቀት 2 በመቶ ያህል ይለወጣል። ጠዋት የተለካና ከሰዓት የተለካ ኩባያ አንድ ኩርባ ላይ አይገናኙም።

ሲ ÷ ሲዜሮ = (የናሙናው ኢሲ − የመነሻው ኢሲ) ÷ (የጨው ጀሪካኑ ኢሲ − የመነሻው ኢሲ)

ሁለት እርማት አለ። አንደኛ፣ ኩባያው የ5 ደቂቃ ድምር ስለሆነ ነጥቡን የምታስቀምጡት በመሃሉ ነው፤ መጨረሻው ላይ አይደለም። ሁለተኛ፣ ቱቦውና ካፑ ውስጥ ያለውን ውሃ ቀንሱ። የውስጥ ስፋቱ 4 ሚ.ሜ. የሆነ 1 ሜትር ቱቦ 12.6 ሚ.ሊ. ይይዛል፣ ማለትም ከ3 ደቂቃ በላይ።

ከዚያ ማንኛውንም ሶፍትዌር ከመክፈታችሁ በፊት ይህን አስሉ። ለእያንዳንዱ ኩባያ (1 − ሲ÷ሲዜሮ) × የኩባያው ውሃ መጠን፣ ሁሉንም ደምሩ። አፈሩ ጨውን ካልያዘ ድምሩ ደረጃ 3 ላይ በሚዛን ካገኛችሁት 760 ጋር መቀራረብ አለበት። 755 ከመጣ እሰየው። 690 ከመጣ ውሃው የማይደርስበት ክፍል አለ ወይም በግድግዳው ተንሸራቷል። 850 ከመጣ አንድ ቱቦ ረስታችኋል፣ ወይ ሲዜሮን ተሳስታችኋል። ይህች ድምር ምንም ሞዴል አትፈልግም። ለዚህ ነው የምወዳት።

ደረጃ 7፦ ምን እንደሚፈለግ ወስኑ

ወደ ታንኳዎቹ እንመለስ። ዳርቻ ላይ ያለ ሰው ቀስ ያለ ቀዛፊንና መንገድ ላይ የቆመን ቀዛፊ አይለይም። ኩርባውም እንዲሁ ነው። ከአንድ ጨው፣ ከአንድ ኩርባ፣ ቪን እና አርን አንድ ላይ ማውጣት አይቻልም። ኩርባው የሚያውቀው ቪ ÷ አርን እና ዲ ÷ አርን ብቻ ነው። ሦስቱንም ለሶፍትዌሩ ክፍት ከተዋችሁ፣ ከየትኛውም መነሻ ተነስቶ አንድ ቦታ ይቆማል፤ ኩርባው ያምራል፣ ቁጥሮቹ ግን በየጊዜው ይለያያሉ። በቴሌግራም የሚመጣልኝ ጥያቄ ይህ ነው።

መፍትሔው፦ ቪ በሚዛን ተለክቷል፣ ቆልፉት። ለክሎራይድ አር 1 ነው፣ ደረጃ 6 ላይም አረጋግጣችኋል፣ ቆልፉት። የሚፈለገው ዲ ብቻ ነው። በኋላ ፎስፌት ወይም ሌላ አፈር የሚይዘውን ነገር ስትሞክሩ፣ በዚያው ቧንቧ በክሎራይድ ያገኛችሁትን ዲ ቆልፋችሁ አርን ብቻ ትፈልጋላችሁ።

ደረጃ 8፦ መነሻ ግምት በእጅ አስሉ

ሲ÷ሲዜሮ 0.16 እና 0.84 የደረሰበትን ጊዜ ከግራፉ አንብቡ። በኔ ምሳሌ 140 እና 258 ደቂቃ ናቸው።

(20 − 0.1053 × 140) ÷ √140 = 0.444
(20 − 0.1053 × 258) ÷ √258 = −0.446
ልዩነታቸው 0.89፣ ካሬው 0.79፣ ለ8 ሲካፈል 0.099።

ስለዚህ ዲ ወደ 0.1 ካሬ ሴ.ሜ. በደቂቃ ነው። ይህ ግምት ደረጃ 9 ላይ የሚመጣውን ቀመር ሁለተኛ ክፍል ስለሚተው ሪፖርት ላይ አይጻፍም። ጥቅሙ ሶልቨሩ (ቁጥር እየቀያየረ የሚስማማውን የሚፈልገው የኤክሴል መሣሪያ) የት እንዲጀምር ማሳየት ነው፤ የመጨረሻው መልስ ከዚህ አሥር እጥፍ ከራቀም የሆነ ቦታ ስህተት እንዳለ ይጠቁማል።

ደረጃ 9፦ ኤክሴል ላይ አገጣጥሙ

ቀመሩ ኦጋታና ባንክስ በ1961 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው፦

ሲ÷ሲዜሮ = ½ × [ኢአርኤፍሲ(ሀ) + ኤክስፕ(ቪ×ኤል÷ዲ) × ኢአርኤፍሲ(ለ)]
ሀ = (ኤል − ቪ×ቲ) ÷ (2×√(ዲ×ቲ))
ለ = (ኤል + ቪ×ቲ) ÷ (2×√(ዲ×ቲ))
ኢአርኤፍሲ (ERFC) እና ኤክስፕ (EXP) ኤክሴል ውስጥ ያሉ ፈንክሽኖች ናቸው።

ይህ መልክ ከጫፍ ለሚወጣ ውሃ ትክክል ነው። አፈሩ መሃል ላይ የተተከለ ሴንሰር ካላችሁ ሌላ ቀመር ያስፈልጋል፤ ሴንሰሩ የሚያነበው እዚያ ያለውን ውሃ ነው፣ የሚፈሰውን አይደለም።

አራት ዓምድ ሥሩ፦ ጊዜ (የተጠራቀመው ውሃ ÷ ፍሰት)፣ የተለካው፣ በቀመሩ የተሰላው፣ የሁለቱ ልዩነት ካሬ። ከታች የካሬዎቹን ድምር አስቀምጡ። ዲን ለብቻው አንድ ሴል ውስጥ ጻፉ።

አሁን አትገጣጥሙ። መጀመሪያ ራሳችሁን ፈትኑ። ዲ 0.1 ብላችሁ በቀመሩ የውሸት ዳታ ፍጠሩ፣ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ትንሽ ግርግር፣ እስከ 2 በመቶ፣ ጨምሩበት። ከዚያ ሶልቨሩን አንዴ ከ0.01፣ አንዴ ከ1 አስነሱት። ሁለቱም ጊዜ ወደ 0.1 ካልተመለሰ ኤክሴላችሁ ውስጥ ስህተት አለ፣ እውነተኛውን ዳታ አታስገቡ። ይህ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፣ ሳምንት ያድናል።

ከዚያ እውነተኛውን ዳታ አስገቡ። ሶልቨር ካልታየ ከአድ-ኢንስ ውስጥ አስነሱት። ድምሩ አነስተኛ እንዲሆን፣ ዲን እንዲቀይር፣ ዲ ከ0.005 እንዳያንስ ንገሩት። ይህ ገደብ ምክንያት አለው፦ ዲ በጣም ሲያንስ ኤክስፕ ውስጥ ያለው ቁጥር ከ709 ያልፍና ኤክሴል ማስላት ያቅተዋል። በኤክሴል 2007 እና ከዚያ በፊት በነበሩት የኤክሴል እትሞች ደግሞ ኢአርኤፍሲ ኔጌቲቭ ቁጥር አይቀበልም። ያ ካጋጠማችሁ ሀ ኔጌቲቭ ሲሆን 2 − ኢአርኤፍሲ(−ሀ) ብላችሁ ጻፉ።

ፓይተን የምትጠቀሙ የሳይፓይ ከርቭ ፊት ይበቃችኋል። አፈሩ ያልጠገበ ከሆነ ወይም ብዙ ንብርብር ካለው ሃይድረስ ዋን ዲ (HYDRUS-1D) የሚባለው ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል። እዚያ በስሌት ነጥቦች መካከል የምትመርጡት ክፍተት ከ2×ዲ÷ቪ ማነስ አለበት፣ በኛ ምሳሌ ከ1.9 ሴ.ሜ.፤ እኔ 0.2 እይዛለሁ። ክፍተቱ ከሰፋ ኮምፒውተሩ ራሱ የውሸት መበተን ይጨምራል፣ ወይም ሲ÷ሲዜሮ ከ1 በላይ እየወጣ ይወዛወዛል።

ደረጃ 10፦ ቁጥሩን ከማመናችሁ በፊት

ዲን በእጃችሁ 0.05፣ 0.06፣ 0.07 እያላችሁ እስከ 0.2 ቀይሩና የካሬዎቹን ድምር በየጊዜው ጻፉ፣ ግራፍ ሥሩ። እንደ ጎድጓዳ ሳህን ጠበብ ብሎ ከወረደ ዳታው ዲን በደንብ ያውቀዋል። እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ከሆነ ግን ሶልቨሩ የሰጣችሁ ቁጥር ከጎረቤቶቹ አይሻልም። ያን ጊዜ መሃሉ ላይ ብዙ ናሙና ወስዳችሁ ድገሙት።

ቀጥሎ የተለካው ሲቀነስ የተሰላው ምን ይመስላል? ነጥቦቹ ከዜሮ በላይና በታች ተበታትነው ከሆነ ጥሩ ነው። መጀመሪያ ላይ በተከታታይ ከላይ፣ መጨረሻ ላይ በተከታታይ ከታች ከሆኑ፣ ጨው ቶሎ ወጥቶ ጭራው ግን አላልቅ ብሏል። ይህ ቀመር ለዚያ አፈር አይሆንም። ውሃው የሚሄድበትንና የቆመበትን ለይቶ የሚያሰላውን ሞዴል ውሰዱ፤ ስታንሞድ (STANMOD) የሚባለው ሶፍትዌር ውስጥ አለ። ዲን በማሳደግ ጭራውን ለመያዝ አትሞክሩ።

በመጨረሻ ዲን ለቪ አካፍሉ። 0.1 ÷ 0.1053 = 0.95 ሴ.ሜ.። ይህ ዲስፐርሲቪቲ ይባላል። ተነፍቶ ለተሞላ ቧንቧ ወደ 1 ሴ.ሜ. የተለመደ ነው። 8 ሴ.ሜ. ከመጣላችሁ ግድግዳውን፣ ስንጥቁን፣ አየሩን ተመልከቱ።

ማስጠንቀቂያ ስለ ዋልካ

የፎገራን ጥቁር አፈር አንዴ ደረቁን ጠቅጥቄ ሞልቼ ማታ ውሃ ሰጠሁት። ጠዋት ስደርስ አፈሩ አብጦ የላይኛውን ካፕ ገፍቶታል፣ ከመውጫው በደቂቃ አንድ ጠብታ እንኳ አይወርድም። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ከግድግዳው ይላቀቃል። የምትሠሩበት ከሆነ ላላ አድርጋችሁ ሙሉ፣ ለማበጥ ቦታ ተዉለት፣ ማጥገቡን ለቀናት አስረዝሙት፣ ከጠገበ በኋላ ርዝመቱን እንደገና ለኩ። አንዴ ካጠገባችሁት እስክትጨርሱ አይድረቅ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- በቪ ምትክ ፍሰቱን ለወለሉ ብቻ አካፍሎ ማስገባት። ያ የሚሰጠው 0.051 ነው፣ ከትክክለኛው ግማሽ ያህል። በውሃ ይዘቱ፣ እዚህ 0.484፣ መካፈል አለበት።
- ደቂቃና ሰዓት መቀላቀል። ዲ 60 እጥፍ ሲርቅባችሁ መጀመሪያ ይህን እዩ።
- ሲዜሮን ከማሸጊያው ላይ ካለው ጽሑፍ መውሰድ። ካልሲየም ክሎራይድ ክፍት ሲቀመጥ ከአየር እርጥበት ይስባል፣ የመዘናችሁት ግማሹ ውሃ ሊሆን ይችላል። ሁሌም ከጀሪካኑ ለኩ።
- ሲ÷ሲዜሮ 0.9 ሲደርስ «በቃ» ብሎ ማቆም። ጭራው ከሌለ ደረጃ 6 ላይ ያለው ድምር አይሠራም።
- አንድ ቧንቧ ብቻ መሥራት። ቢያንስ ሦስት ሙሉ። የሦስቱ ዲ መለያየት ሶልቨሩ ከሚያወጣው የስህተት መጠን ብዙ ጊዜ ይሰፋል፣ ሪፖርት የሚደረገውም እሱ ነው።
- የቧንቧን ዲ ቀጥታ ማሳ ላይ መውሰድ። ማሳ ላይ የምስጥ ቀዳዳ አለ፣ ሥር አለ፣ ስንጥቅ አለ። ርቀቱ ሲረዝም ዲስፐርሲቪቲው ያድጋል።

ጥያቄ ስትልኩልኝ የኩርባውን ፎቶ ብቻ አትላኩ። ባዶው ቧንቧ፣ የሞላው ደረቅ አፈርና የጠገበው ቧንቧ ስንት ስንት እንደመዘኑ፣ የቱቦውን ርዝመትና የየኩባያውን ክብደት አብራችሁ ላኩልኝ።